ከኋላ ለሚመጣው ሰው በጊዜ የሚታይ ፍሬቻ እንዴት ይሠራል?

ፍሬቻ የሚሠራው ለመኪናው ባለቤት አይደለም። የሚሠራው ተጠግቶ ለሚከተለው ሚኒባስ፣ በጎን ሹልክ ብሎ ለማለፍ ለሚያስበው ሞተረኛና ዜብራ ላይ አንድ እግሩን አስፋልት አስነክቶ መኪናው ይታጠፍ ይሆን ብሎ ለሚያመነታው እግረኛ ነው። ስለዚህ አዲስ ፍሬቻ የሚነድፍ፣ የተሰበረውን በሌላ የሚተካ ወይም የቆየውን አምፖል ወደ ኤልኢዲ የሚቀይር ሰው ስለ መብራቱ ውበት ከማሰቡ በፊት፣ ያ ሌላው ሰው ከቆመበት ቦታና በዚያ ሰዓት ባለው የፀሐይ ብርሃን ምልክቱን በአንድ እይታ ሊለየው መቻሉን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ከዚህ በታች ስለ ቀለም፣ ስለ ቦታ፣ ስለ ብርሃን መጠን፣ ስለ ኤሌክትሪክ መስመርና መብራቱን ብልጭ ድርግም ስለሚያደርገው ፍላሸር የቀረበው ሁሉ የሚመዘነው በዚሁ ነው።

የሚጠቀሱት መለኪያዎች በአብዛኛው የተወሰዱት በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር ከወጡት የተሽከርካሪ ደንቦች፣ በተለይም ከቁጥር 6 እና ከቁጥር 48 ነው። የአውሮፓና የጃፓን ፋብሪካዎች ሲመሩባቸው የቆዩ ደንቦች ስለሆኑ፣ በከተማችን በአዲስ አበባ ከሚሽከረከሩት መኪኖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ይዘዋቸው የመጡ መለኪያዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ቀለም

በእነዚህ ደንቦች መሠረት የፊትም፣ የኋላም፣ የጎንም ፍሬቻ ብርቱካናማ መሆን አለበት። የአሜሪካው የፌዴራል ደረጃ ቁጥር 108 ግን የኋላው ቀይ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ለአሜሪካ ገበያ ተሠርተው እዚህ የደረሱ አንዳንድ መኪኖች ቀይ ፍሬቻ የሚያሳዩትም በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጥናት፣ የኋላ ፍሬቻቸው ብርቱካናማ የሆነ መኪኖች በሚታጠፉበት፣ መስመር በሚቀይሩበትና በመሳሰለው ጊዜ ከኋላ የመገጨት ዕድላቸው ቀይ ፍሬቻ ካላቸው በ5.3 በመቶ እንደሚያንስ አመልክቷል።

ለአዲስ አበባ መሐል ከዚህ አኃዝ ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ ቀይ ፍሬቻዎች የሚሠሩት ከፍሬን መብራቱ ጋር በአንድ አምፖል ነው፤ አሽከርካሪው ፍሬን ይዞ ፍሬቻ ሲያበራ አንዱ ጥግ ያለማቋረጥ ይበራል፣ ሌላው ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለቱንም ጥግ ለሚያይ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሆኖም ሜክሲኮ ወይም ለገሃር አካባቢ መኪናው በተጨናነቀበት ሰዓት ከኋላ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚታየው የመኪናው አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ ሌላውን አንድ ሚኒባስ ጋርዶታል። ይህ ሰው ያ ብልጭ ድርግም የሚል አንድ ቀይ መብራት መታጠፍን ይሁን ፍሬን መርገጥና መልቀቅን እንደሚያመለክት ማወቅ አይችልም። እንዲህ ዓይነት መኪና እጅዎ ከገባ፣ ከፍሬን መብራቱ የተለየ ብርቱካናማ ፍሬቻ በራሱ ሽቦ ማስገጠም ከሌላው ማሻሻያ ሁሉ ሊቀድም ይገባል።

ቀለሙ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። ሽፋኑ ብርቱካናማ ከሆነ በውስጡ ነጭ አምፖል ይገባል፤ የተለመደው ፒ21ደብልዩ የሚባለው 12 ቮልት፣ 21 ዋት አምፖል ነው። ሽፋኑ ነጭ ከሆነ ግን አምፖሉ ራሱ ብርቱካናማ፣ ማለትም ፒዋይ21ደብልዩ መሆን አለበት። ሁለቱ እንዳይቀያየሩ ፋብሪካዎች የጎን ፒኖቻቸውን ለያይተዋል፤ የነጩ ፒኖች ፊት ለፊት ሲተያዩ የብርቱካናማው በ150 ዲግሪ ይቀመጣሉ። በገበያ የተገኘው አምፖል አልገባ ሲል ፒኑን በሞረድ የሚቆርጥ ሰው አያጣም፤ በዚህ የሚተርፈው ገንዘብ ግን የሚጠፋውን ደኅንነት አይክስም። ጥራት የሌለው ቀለም የተቀባ አምፖልም እንዲሁ መወገድ አለበት፤ ቀለሙ በሙቀት እየተላጠ ሲሄድ ፍሬቻው ቀስ በቀስ ነጭ ይሆናል፤ ከቀን ብርሃንም ሆነ ከፊት መብራት ሊለይ አይችልም።

ቦታና አቅጣጫ

ለተሳፋሪ መኪና ወይም ለሚኒባስ፣ የፍሬቻው የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ቢያንስ 350 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው ጠርዝ ደግሞ ከ1500 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ከፍታ ላይ ይሁን። ከመኪናው የውጭ ጠርዝ ወደ ውስጥ ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ መግባት የለበትም፤ በግራና በቀኙ መካከልም ቢያንስ 600 ሚሊ ሜትር ሊኖር ይገባል። የመጨረሻው መለኪያ ዓላማ ቀላል ነው፤ ሁለቱ መብራቶች ከተቀራረቡ ከሩቅ የሚያይ ሰው የትኛው እንደበራ መለየት ያቅተዋል። የጎን ፍሬቻ ከመኪናው ፊት ከ1800 ሚሊ ሜትር፣ በተሳፋሪ መኪና ደግሞ ከ2500 ሚሊ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይቀመጣል፤ ስፖኪዮ ላይ የሚገጠመውም ይህን ሊያሟላ ይችላል።

የፊት ፍሬቻ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ ጎረቤቱ የፊት መብራት ነው። ደንብ ቁጥር 6 ፍሬቻው ከፊት መብራቱ ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር ሲርቅ 175 ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ) እንዲበቃው፣ ርቀቱ ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን 250፣ ከ20 ሚሊ ሜትር ካነሰ ደግሞ 400 ካንዴላ እንዲኖረው የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የተሰበረውን ፓራውልት ሲያስጠግኑ ፍሬቻውን ወደ ፊት መብራቱ ጥግ ማስጠጋት የሚያምር ቢመስልም፣ ቦታውን የለወጠ ሰው የሚያስፈልገውን ብርሃን ከሁለት እጥፍ በላይ አሳድጎታል ማለት ነው። ለተለመደው የኋላ ፍሬቻ ዝቅተኛው መጠን 50 ካንዴላ ነው።

ካንዴላ የሚለካው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ብርሃን መሆኑን ልብ ይሏል። በርካሽ የሚሸጡ ትናንሽ ኤልኢዲዎች ፊት ለፊት ሲታዩ ዓይን ያጥበረብራሉ፣ ትንሽ ወደ ጎን ሲሉ ግን የበሩም አይመስሉም፤ ምክንያቱም ብርሃናቸው በጠባብ ጨረር የተሰበሰበ ነው። ፍሬቻ ግን ወደ ውጭ 80 ዲግሪ፣ ወደ ውስጥ 45 ዲግሪ፣ ወደ ላይና ወደ ታች 15 ዲግሪ ድረስ መታየት አለበት። ይህን ያለ ምንም መሣሪያ መፈተሽ ይቻላል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ፍሬቻውን ያብሩ፤ ከኋላ መብራቱ በቀጥታ 1 ሜትር ወደ ኋላ ይለኩ፣ ከዚያ ተነሥተው ወደ ውጭው ጎን 5 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ይራመዱ፤ አሁን የቆሙት በ80 ዲግሪ ላይ ነው። ለ45 ዲግሪው ደግሞ 3 ሜትር ወደ ኋላ፣ 3 ሜትር ወደ መኪናው ሌላ ጎን ይሂዱ። በሁለቱም ቦታ ብልጭታው ያለ ጥርጥር ከታየ መብራቱ የጎኑን ሞተረኛም ያገለግላል። ፈተናው በቀትር ይሁን፤ ማታማ ደካማውም ይታያል።

የጠዋት ፀሐይ የሚያመጣው ችግር ለብቻው መታየት አለበት። ከመስቀል አደባባይ በስታዲየም በኩል ወደ ሜክሲኮ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲጓዙ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጀርባዎ ስለምትመጣ፣ ጨረሯ የሚያርፈው በፊትዎ ባሉት መኪኖች የኋላ መብራቶች ላይ ነው። ጨረሩ የመብራቱን ውስጣዊ አንጸባራቂ መትቶ ሲመለስ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ፍሬቻ ሳይበራ የበራ ይመስላል፤ በእውነት ሲበራም በመብራትና በመጥፋት መካከል ያለው ልዩነት ዓይን የማይስብ ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው የአምፖሉን ኃይል መጨመር አይደለም፤ ሙቀቱ ሽፋኑን ያቀልጣል። ሰፊና ለስላሳ አንጸባራቂን በትናንሽ ገጽታዎች የተከፋፈለ ማድረግ፣ ሽፋኑን በቦዲው ጠርዝ ሥር ጥቂት ሚሊ ሜትር አስገብቶ ማስጠለል፣ ወይም ነጭ ሽፋንን ከብርቱካናማ ብርሃን ጋር ማቀናጀት ይሻላል። በመጨረሻው አሠራር የሚመለሰው የፀሐይ ብርሃን ነጭ፣ ምልክቱ ብርቱካናማ ስለሚሆን ቢያንስ ቀለሙ ይለያቸዋል።

የኤሌክትሪክ መስመሩ

በተለመደው 12 ቮልት መኪና በአንድ ጎን ሁለት 21 ዋትና አንድ 5 ዋት አምፖል ይኖራል፤ በድምሩ 47 ዋት፣ ማለትም 4 አምፔር ገደማ ነው። ሃዛርድ፣ ማለትም የሁለቱም ጎን ፍሬቻ በአንድ ላይ ሲበራ፣ ሁለቱም ጎኖች ስለሚሠሩ 94 ዋት፣ ወደ 8 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ ከፊውዙ እስከ ፍላሸሩ ያለው ሽቦ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ወደ እያንዳንዱ መብራት የሚሄደው ደግሞ 0.75 ወይም 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ15 አምፔር ፊውዝም ቢጠበቅ ይበቃል። ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪናና አውቶቡስ ግማሹን አምፔር ይወስዳሉ፤ አምፖላቸው ግን የተለየ ነው።

አብዛኛው ደካማ ፍሬቻ የሚደክመው በአምፖሉ ሳይሆን በማሳው፣ ማለትም ፍሰቱ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው በሚመለስበት መስመር ነው። የፈትል አምፖል (በውስጡ ቀጭን ሽቦ እየጋለ የሚያበራው) ብርሃን ከቮልቴጁ እጅግ በፈጠነ መጠን ይወርዳል፤ ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከ12 ቮልት 1.2 ቮልት የሚያስቀር አንድ የዛገ ብሎን ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን ይበላል ማለት ነው። ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ ፍሬቻው ሲበራ የኋላ መብራቱ ወይም የፍሬን መብራቱ አብሮ ደብዘዝ እያለ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ፍሰቱ የመመለሻ መንገድ አጥቶ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል እየዞረ ነው።

ለማረጋገጥ ቴስተሩን በዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ፤ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በአምፖሉ የብረት አካል ላይ አስነክተው ፍሬቻው እየበራ ያንብቡ። ንባቡ ከ0.2 ቮልት ካላለፈ ማሳው ደህና ነው። ካለፈ፣ የማሳው ሽቦ ቦዲውን የሚነካበትን ብሎን ይፍቱ፤ ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍጉ፤ ሽቦውን መልሰው አጥብቀው ካሰሩ በኋላ በላዩ ላይ ግራሶ ይቀቡ። በቀለም ላይ የታሰረ ማሳ ዛሬ ቢሠራም ክረምቱን አይሻገርም።

ኤልኢዲና ፍላሸር

የፈትል አምፖል ሙሉ ብርሃኑ ላይ ለመድረስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል፤ ኤልኢዲ ግን ወዲያው ይበራል። ከኋላ ለሚመጣው ሰው ይህ እውነተኛ ትርፍ ነው። ነገር ግን ኤልኢዲን ለፈትል በተሠራ አንጸባራቂ ውስጥ መክተት ብዙ ጊዜ ትርፉን ያጠፋዋል፤ አንጸባራቂው የተነደፈው ብርሃኑ ፈትሉ ካለበት ከአንዲት ነጥብ እንዲነሣ ነው፤ ብዙ ቺፖች በጎንና በጎኑ የተለጠፉበት አምፖል ጨረሩን ወደማይፈለግ አቅጣጫ ይበትነዋል። ከላይ የተጠቀሰው የ80 እና የ45 ዲግሪ ፈተና በተለይ ለእንዲህ ዓይነቱ ቅያሪ ያስፈልጋል።

ከመነሻው ኤልኢዲ ፍሬቻ የሚነድፍ ሰው የመኪናው ቮልቴጅ ቋሚ እንዳልሆነ ያስብ። ብርቱካናማ ኤልኢዲ በግምት 2.1 ቮልት ይወስዳል። አራቱን በተከታታይ ብናያይዝ 8.4 ቮልት ይሆናል፤ ሞተሩ እየሠራ 14.4 ቮልት ሲኖር ቀሪውን 6 ቮልት በ20 ሚሊ አምፔር የሚሸከም 300 ኦም ሬዚስተር (ፍሰቱን የሚገድብ ዕቃ) ያስፈልጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ቮልቴጁ 12 ሲሆን ግን በዚያው ሬዚስተር የሚያልፈው 12 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ኤልኢዲዎቹን ወደ ሦስት መቀነስ መዋዠቁን ያረጋጋዋል፣ በሬዚስተሩ ላይ የሚባክነው ሙቀት ግን ይጨምራል። ስለሆነም ለኋላና ለፊት ዋና ፍሬቻ ፍሰቱን በራሱ የሚቆጣጠር ድራይቨር መጠቀም ተገቢ ነው፤ በመግቢያው ላይም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቢገለበጥ የሚጠብቅ ዳዮድና ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪን የሚውጥ መከላከያ ይኑረው። ብርቱካናማ ኤልኢዲ ከሌሎች ቀለሞች ይልቅ በሙቀት ብርሃኑን ያጣል፤ ስለዚህ ሰሌዳው ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ሙቀቱን የሚያስወጣበት መንገድ ያግኝ።

ፍላሸሩ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ማብራት አለበት፤ 90 አካባቢ ጥሩ ማዕከል ነው። በቆዩ መኪኖች ውስጥ ያለው ፍላሸር ፍሰቱ ባሞቀው ቁጥር የሚታጠፍ ባለ ሁለት ብረት ቅጠል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ደግሞ ፍሰቱን ይለካል፤ ፍሰቱ ሲያንስ አንድ አምፖል እንደተቃጠለ ቆጥሮ ብልጭታውን ያፈጥናል። ለአሽከርካሪው የተላከ ማስጠንቀቂያ ነው። 21 ዋቱን አምፖል ጥቂት ዋት በሚወስድ ኤልኢዲ ሲተኩ ፍሬቻው የሚፈጥነውም ለዚሁ ነው።

በገበያ የሚሰጠው የተለመደ መፍትሔ 6 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር ጎን ለጎን ማሰር ነው። ይህ ሬዚስተር በ12 ቮልት 2 አምፔር ይወስዳል፤ ቮልቴጁ 13.8 ሲደርስ በሚበራበት ቅጽበት ከ30 ዋት በላይ ሙቀት ያወጣል፤ በፕላስቲክ ወይም በሽቦ ላይ ከታሰረ ያቃጥላል። ከሙቀቱ የባሰ ጉድለትም አለው፤ ኤልኢዲው ቢሞት እንኳ ሬዚስተሩ ፍሰቱን መውሰዱን ስለሚቀጥል ፍላሸሩ ምንም አያውቅም። ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር መግጠም ሙቀቱን ያስቀራል፤ ብዙዎቹ ግን የተቃጠለውን አይናገሩም። ከሁለቱ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የጠፋውን ማስጠንቀቂያ ለመተካትም በየሳምንቱ አራቱንም ጥግ ዞሮ ማየት የግድ ይሆናል። ሶማሌ ተራ ፍላሸር ሲገዙ የአሮጌውን የእግር ምልክቶች ጽፈው ይሂዱ፤ በአውሮፓ አሠራር 49 መግቢያ፣ 49ኤ መውጫ፣ 31 ማሳ ሲሆን፣ በጃፓን መኪኖች ላይ በአብዛኛው ቢ፣ ኤልና ኢ ይባላሉ፤ የእግሮቹ ቦታ ሊለያይ ስለሚችል በቅርጽ መመሳሰል ብቻ አይመኑ። በአዳዲሶቹ መኪኖች፣ አሁን በየመንገዱ በሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ጭምር፣ ብልጭታውን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው፤ በእነዚህ ላይ ሽቦ ቆርጦ ሬዚስተር ማስገባት መወገድ አለበት።

ተራ በተራ እየሮጡ የሚበሩት ኤልኢዲዎችም በደንቡ የተፈቀዱ ናቸው፤ ሆኖም ሩጫው ከውስጥ ወደ ውጭ መሆን፣ የበራው እስከ መጨረሻው መብራቱን መቀጠልና ሙሉው በ200 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መሙላት አለበት። ቀስ ብለው የሚሳቡት ወይም አንዱ ሲበራ ሌላው የሚጠፋባቸው ዓይነቶች ለጌጥ እንጂ ለምልክት አይሆኑም።

ሽፋንና ውኃ

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ፕላስቲክን ቶሎ ትጎዳለች። አክሪሊክ ፀሐይን ይበልጥ ይቋቋማል፣ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል፤ ፖሊካርቦኔት ጠንካራ ነው፣ ያለ መከላከያ ቅብ ግን ይደበዝዛል። ሁለቱንም በቤንዚን ማጽዳት በቀጫጭን ስንጥቅ እንዲሞሉ ያደርጋል፤ ውኃና ሳሙና ይበቃል። የተሰነጠቀውን ሽፋን ሲያሽጉ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መዳብና የአምፖል መቀመጫን ያበላሻል። መብራቱን ፈጽሞ አየር እንዳያስገባ አድርጎ መድፈንም አይጠቅምም፤ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እርጥበት ስቦ ያስገባል። በዝቅተኛው ጥግ ወደ ታች የዞረ ጠባብ የመተንፈሻ ቱቦ ይተዉለት።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን አስነሥተው የፊት መብራቱን፣ መጥረጊያውንና ማራገቢያውን ሁሉ ያብሩ፤ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ያስቀምጡና በእያንዳንዱ ፍሬቻ ላይ ያለውን ቮልቴጅ መብራቱ በሚበራበት ቅጽበት ይለኩ። ከባትሪው ከ0.5 ቮልት በላይ ካነሰ ወደ ማሳው፣ ወደ ሶኬቶቹና ወደ ሽቦው ውፍረት ይመለሱ። ቀጥሎ ብልጭታውን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። በመጨረሻ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ያውጡና ሃዛርዱን ይጫኑ፤ ቁልፍ ሳይኖር አራቱም ጥግና ሁለቱ የጎን መብራቶች ጭራሽ ካልበሩ፣ የፍላሸሩ መግቢያ ከባትሪ በቀጥታ ሳይሆን ከቁልፉ በኋላ ተወስዷልና መስመሩ መስተካከል አለበት።